ቱሉ ዲምቱን በመኪና የወጣ ሰው "ወጣሁ" ይበል ወይስ አይበል?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉና አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ለጠፈ። የአዲስ አበባውን የኮንዶሚኒየም ሰፈር ማለቴ አይደለም፤ የባሌውን ተራራ ነው። ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ መኪናው ደግሞ ከኋላው ቆማ ትታያለች። ከስሩ "የኦሮሚያን ከፍተኛ ተራራ ወጣሁት!" ብሎ ጽፏል። ከዚያ ኮመንቱ ጀመረ። "መኪናዋ ወጣች እንጂ አንተ መች ወጣህ?" "ለመሆኑ ሞተሩን አጥፍተህ ነበር?" "ወንድ ከሆንክ ራስ ዳሽን ሂድና እንይህ!" ምናምን። ስንቱ ሳቀበት መሰላችሁ። ልጁ በመጨረሻ ፎቶውን አጠፋው።

እኔ ቀልድ አልጠላም። ዛሬ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ይሄው ክርክር በዚህ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤታችንም ስለገባ ነው። እዚያ ደግሞ የሚጠፋው ፎቶ አይደለም፤ ከጉዞ የሚቀር ተማሪ ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ታውቁ የለ። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀዩ ኮረብታ እንደማለት ነው። ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። የኦሮሚያ ክልል ከፍተኛ ቦታ እሱ ነው፤ የሚገኘውም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳነቴ በሚባለው አምባ ላይ። ብዙ ሰው "ከኢትዮጵያ ሁለተኛው" ሲል ይሰማል፣ እንደዚያ ብለው የሚጽፉም አሉ። ተማሪዎቼ ግን ይሄን ፈተና ላይ እንዳትጽፉብኝ! ሰሜን ተራሮች ውስጥ ከራስ ዳሽን ሌላ ከ4,400 ሜትር የሚበልጡ ጫፎች አሉ፣ ቧሂት አንዱ ነው። ከሰሜን ተራሮች ወጥተን ስንቆጥር ነው ቱሉ ዲምቱ አንደኛ የሚሆነው።

አሁን የክርክሩ ሥር የት እንዳለ ላሳያችሁ። የአማራ ክልል ከፍተኛ ቦታ ራስ ዳሽን ነው (ራስ ደጀን የምትሉም አላችሁ)። እኛ ስንማር 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደነዋል፤ በኋላ የወጡት ልኬቶች ወደ 4,550 አካባቢ አውርደውታል። እሱ የእግር ተራራ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ከደባርቅ ተነስቶ፣ በሳንካበርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ ይደርሳል። ከዚያ የቧሂትን በር ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ወደ ላይ ይያያዘዋል። ያን ሁሉ ከፍታ ወጥተህ፣ ከሺህ ሜትር በላይ መልሰህ ወርደህ፣ እንደገና ስትወጣው አስበው። በቅሎ ጭነት ይይዛል፣ ስካውት ጠመንጃውን አንግቶ አብሮ ይሄዳል፣ ቀናት ይፈጃል።

ቱሉ ዲምቱ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከጎባ ተነስተህ ወደ ደሎ መና የሚሄደውን መንገድ ትይዛለህ። ጥዱንና ኮሶውን አልፈህ፣ አስታውን አልፈህ፣ ድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሳነቴ ላይ ትወጣለህ። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከዋናው መንገድ የሚገነጠል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱን ይዞ ጉልበት ያለው መኪና ጫፉ ድረስ ይደርሳል። ጫፉ ላይ አንቴና ተተክሏል። ጎባ ቁርስህን በልተህ ከምሳ በፊት የክልሉ አናት ላይ ነህ። የራስ ዳሽን ሰዎች የሚስቁት ለዚህ ነው፤ "የኛ ተራራ ላብ ይጠይቃል፣ የናንተ ቤንዚን" ነው ነገሩ።

እንግዲህ የኔን ሀሳብ ላስቀምጥ። በመኪና የደረሰ ሰው "ወጣሁ" ማለት ይችላል። የራሳችን ቋንቋ ይፈቅድለታል። ፀሐይ ወጣች እንላለን፣ መኪናው ዳገቱን ወጣ እንላለን፣ ልጁ ዛፍ ላይ ወጣ እንላለን። "በእግሬ" እስካላለ ድረስ አልዋሸም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መንገዱ እያለ ማን ይጠቀምበት፣ ማንስ ወርዶ ይራመድ? ይሄ ነው መነጋገር ያለብን።

አምና የትምህርት ቤታችን ክበብ ከአሰላ ተነስቶ ባሌ ሄዶ ነበር። ጉዞው ሲታቀድ አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተመዘገበች። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም፣ በክራንች ነው የምትሄደው። ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ዝም ዝም ሆነ። አንዱ ባልደረባዬ በቀና ልብ "ተራራ ላይ ምን ታደርጋለች? ታዝናለች እንጂ" አለ። ሌላው "ገንዘቧን እንመልስላትና ለሶደሬው ጉዞ እናስቀድማት" አለ። እናቷ በማግስቱ ትምህርት ቤት መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና "መምህር፣ ልጄ መኪና የሚደርስበት ቦታ ነው ብላኛለች፤ መኪና የሚደርስ ከሆነ ለምን ትቀራለች?" አሉኝ። ይሄን ጥያቄ እስከዛሬ የሚመልስ ሰው አላገኘሁም።

ሄደች። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሳነቴ ላይ መገንጠያው ጋ ቆመ። ከጎባ አንድ ላንድ ክሩዘር ተከራይተን ነበር፣ ኪራዩን ሁሉም ተማሪ ትንሽ ትንሽ ጨምሮ ነው የተከፈለው። እሷ፣ አስም ያለበት አንድ ልጅና ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የታሪክ መምህራችን በሱ ወጡ። ሌሎቻችን በእግር። እኔ ልጆቹን ከኋላ እየነዳሁ፣ እያስተነፈስኩ ስደርስ ልጅቷ በክራንቿ ቀዩ ጠጠር ላይ ቆማ ወደ ታች ታየናለች። እጄን ልስጣት ብል "ተወኝ ቲቸር" አለች። ከዚያ እንዲህ ጠየቀችኝ፤

"ቲቸር፣ በክልላችን ከዚህ በላይ መሬት የለም ማለት ነው?"

"የለም።"

"እነሱ ደግሞ ገና እየመጡ ነው።"

"አዎ፣ ገና ናቸው።"

"እንግዲያው አሁን ከሁሉም በላይ ያለሁት እኔ ነኛ!"

እስቲ ይቺን ልጅ "አንቺ አልወጣሽም፣ መኪናው ነው የወጣው" የሚላት ይምጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይሄ ነው። እስከ ጫፍ የሚደርስ መንገድ እያለ፣ መራመድ የማይችል ሰው ሊጠቀምበት መብቱ ነው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡር እህቶች፣ ልብና ሳንባ የታመሙ (እነሱ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ)፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕፃን የያዙ። ተራራው ለጉልበተኛ ብቻ የተሰጠ ርስት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ለኛ ለጤነኞቹ ነው፣ እዚህ ላይ የምትቀየሙኝ ትኖራላችሁ። እግር እያለህ፣ ጤና እያለህ፣ ሳነቴ ላይ ከመኪና ሳትወርድ ጫፍ ደርሰህ ሰልፊ ተነስተህ የምትመለስ ከሆነ፣ ወጥተሃል፤ ግን የሄድክበትን ነገር ሳታየው መጥተሃል። እንዲያውም ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይልቅ ከስሩ ያለው ሜዳ ነው ጉዱ።

ምን አለ እዚያ? ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ለየብቻው አይጥና ፍልፈል ያድናል። በእግርህ ስትሄድ ታየዋለህ፤ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ወደ መሬት አድርጎ፣ ልክ እንደ ድመት ይጠብቃል። ከመኪና መስኮት ግን "ያውና!" ብለህ ስልክህን እስክታወጣ አልፈኸዋል። ግዙፉ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እስከ አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሣር ይነጫል፣ የእግር ኮቴ ሲሰማ ጥልቅ ይላል። ጅብራውም አለ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በጭጋግ ውስጥ ሲታይ ሰው የቆመ ይመስላል። ይሄን ሁሉ ሰዓቱን እያየ ለሚነዳ ሹፌር አታስረዳውም።

በእግር መሄድ እዚያ አዲስ ነገርም አይደለም። ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይተዋል። በዚያን ጊዜ የተራራው አናት በረዶ ግግር ነበረበት። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ እየሄዱ ያመጡ ነበር። እኛ ዛሬ "ማን ቀድሞ ወጣ፣ በምን ወጣ" እያልን የምንጨቃጨቅበት ቦታ ላይ እነሱ ለዕለት ሥራቸው ይመላለሱ ነበር ማለት ነው። የራስ ዳሽንም ነገር እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ወጡ ተብሎ ተመዝግቧል። የበየዳ እረኛ ግን ከነሱ በፊት ስንት ጊዜ በጉን ፍለጋ እንደወጣ የመዘገበለት የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ጤና ነው። "መኪና ይቀላል" ሲባል ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። መኪና እግርን ያሳርፋል እንጂ ሳንባን አያሳርፍም። ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ተነስተህ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ1,600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃ እንኳን 85 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እዚያ ምስር ልቀቅል ያለ ሰው እስኪመሽ ይጠብቅ! በእግር ቀስ ብሎ ቀናት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይለምዳል። በመኪና የተወረወረ ግን ገና ሳይለምድ ነው የሚደርሰው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር የሚመጣው ለዚህ ነው። አምና የእግር ኳስ ቡድናችን ጎረምሶች በቆጂን ስናልፍ "እኛም ቀነኒሳ ነን" ሲሉ ነበር። ከአውቶቡሱ ወርደው እስከ ጫፍ በሩጫ ለመሄድ ተወራረዱ። ሃምሳ ሜትር እንኳን ሳይሄዱ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ! የክፍሉ ሴቶች ቀስ እያሉ፣ እያወሩ አለፏቸው።

ለምትሄዱ ሁሉ ምክሬ ይሄ ነው። ከቻላችሁ መጀመሪያ ጎባ ወይም ዲንሾ አንድ ሌሊት እደሩ። ውሃ ጠጡ፣ አትሩጡ። ጫፉ ላይ አትቆዩ፣ አይታችሁ ውረዱ። ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ለማደር ያሰባችሁ ደግሞ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር እንደሚመከር እወቁ። ራሱን ያመመው ሰው እያደር ከባሰበት፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ "ትንሽ ይረፍ" አትበሉ፣ ያኔውኑ ወደ ታች አውርዱት። ብርዱንም አትናቁ። በጋ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ፤ በበጋ ነው እንዲያውም ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርደው።

አራተኛው ነጥብ የቀበሮው ነው። ሳነቴ ላይ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሹፌር ሁሉ ይረግጣል። በዚህ መንገድ መኪና የገጨው ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ ውስጥ አንድ ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ ሒሳብ አያስፈልገውም። ከመኪናው የባሰው ጠላቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከቤት ውሻ እየተጋባበት በተለያዩ ዓመታት ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ ለሽርሽር እንዳትሄዱ። አጥንትና የምግብ ትራፊም አትጣሉ፣ ውሻ ይጠራልና።

"እንግዲያው መንገዱ ይዘጋ!" የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሳነቴ መንገድ የኛ የጎብኚዎች መንገድ አይደለም። የሪራና የደሎ መና ሰው ነው የሚጠቀምበት። ከሐረና ጫካ ቡናና ማር የሚወጣው በሱ ነው፣ ምጥ የጠናባት እናት ጎባ ሆስፒታል የምትደርሰው በሱ ነው። አሰላ ቁጭ ብዬ "ለቀበሮ ሲባል ዝጉት" ማለት ለኔ ቀላል ነው። የሚቸገረው ሌላ ሰው ነዋ! በቀስታ ይነዳ፣ በሌሊት የሚሄደው ይቀንስ፣ ፍጥነት የሚገድብ ነገር ይሠራ ብንል ግን ሁላችንንም ያስማማናል። ቀበሮው፣ ጫካውና የደሎ መና ሰው አብረው የሚኖሩበት ቦታ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ ተራራ የሚነሳው ውሃ ደግሞ በገናሌና በዋቤ ሸበሌ በኩል ሶማሊያ ድረስ ሰው ያጠጣል። እንዲህ ያለ ቦታ በ"ይዘጋ" እና በ"ይከፈት" ብቻ አይመራም።

ወደ ራስ ዳሽን ልመለስ። አሁን አሁን ደግሞ "ለራስ ዳሽንም እንደ ቱሉ ዲምቱ እስከ ጫፍ መንገድ ይሠራለት" የሚል ሀሳብ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። እኔ አልደግፍም። የበየዳና የጃናሞራ ገበሬ መንገድ ያስፈልገዋል፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ሊደርስበት ይገባል። ይሄ ጫፍ ላይ ከሚወጣ የሰልፊ መንገድ ጋር አንድ አይደለም። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ዋልያው ካነሰባቸው፣ ፓርኩም ከተጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ በመሐሉ ያለፈው መንገድ ነበር። ከዚያ ዝርዝር ገና የወጣን ሰዎች ነን። ደግሞም የበቅሎ ነጂው፣ የስካውቱ፣ የአስጎብኚውና የምግብ አብሳዩ እንጀራ ያለው በእግር ጉዞው ላይ ነው። መኪና ጫፍ ድረስ የወጣ ቀን እንግዳው ጠዋት መጥቶ ማታ ደባርቅ ይመለሳል። መራመድ የማይችል ሰውስ? ፓርኩ ውስጥ አሁንም እስከ ጨነቅ መኪና ይደርሳል፤ እዚያ ሆኖ ዋልያውንም ገደሉንም ያያል። በቅሎም አለ። ከባሌም ሰዎች ፈረስ እንማር፤ ዲንሾ ሄደህ ፈረስ ከነመሪው መከራየት ትችላለህ። በመኪናና በእግር መካከል ያለውን ይሄን ሦስተኛውን መንገድ ሁላችንም እንረሳዋለን።

ይሄ ጭቅጭቅ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዴንቨር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ይሄን ሳወራው ሳቀ። የነሱ ግዛት የኮሎራዶ ከፍተኛ ተራራ ኤልበርት ይባላል፣ 4,401 ሜትር ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚበልጠው በ24 ሜትር ብቻ! አናቱ ላይ የሚደርሱት በእግር ነው። ፓይክስ ፒክ የተባለው 4,302 ሜትሩ ተራራ ግን እስከ አናቱ የመኪና መንገድ አለው፤ ባቡርም ይወጣዋል፣ ያውም እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ። ተማሪዬ ከአገር ቤት የመጡትን እናቱን ፓይክስ ፒክ ላይ በመኪና አውጥቷቸዋል፣ ኤልበርትን ደግሞ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ሄዶበታል። "ቲቸር፣ ሁለቱም ያስፈልጋል" አለኝ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። አንዱ ተራራ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ አንዱ ለእግር ይተው። በኛ አገር ይሄ ድልድል ሳናስበው ተሠርቶልናል፤ ቱሉ ዲምቱ ለሁሉም፣ ራስ ዳሽን ለእግረኛ። አንዱን በአንዱ መሳደቢያ ለምን እናደርገዋለን?

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን። በዚህ ሳምንት የክበቡ ስብሰባ ላይ የዘንድሮው ጉዞ ተነሳ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን አንዱ ተነስቶ "ዘንድሮ እውነተኛ ተራራ እንሂድ፤ ቱሉ ዲምቱ የመኪና ነው፣ ያፍራሉ እንጂ አይኮሩበትም" አለ። ሌላው ጨመረበት፤ "ቱሉ ዲምቱ ከሆነም ሁሉም በእግሩ፣ መኪና አይከራይ፣ መውጣት የማይችል አይመዝገብ።" ተጨበጨበ። ያቺ ልጅ አሁን አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም። ክራንቿን ብቻ ከመተላለፊያው ወደ ወንበሯ ሥር ስባ አስገባች። ውሳኔው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ ስለ ተራራ መጽሐፍ የጻፍኩ ሰው አይደለሁም። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ የማቀርበው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ጉዞው ቱሉ ዲምቱ ይሁን። ራስ ዳሽን ቀናት፣ ልምምድና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ሲይዙ ይሂዱበት፣ እኔም እንድሄድ ይጥሩኝ።

ሁለተኛ፣ አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ይቁም። መራመድ የሚችል ሁሉ ከዚያ በእግሩ ይሂድ፣ መምህራንም ጭምር። "እኔ ደክሞኛል" የሚል ጤነኛ መምህር ካለ አውቶቡሱን ይጠብቅልን።

ሦስተኛ፣ አንድ ላንድ ክሩዘር የግድ ይኑር። መራመድ የማይችሉትን ያወጣል፤ የታመመ ሰው ካለም ፈጥኖ የሚያወርድልን እሱ ነው። ስለዚህ ኪራዩ የሁላችንም ወጪ ነው እንጂ ለአንድ ሰው የሚደረግ ምጽዋት አይደለም።

አራተኛ፣ ማን በምን እንደወጣ የሚል ነገር በምስክር ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። "4,377 ሜትር ደርሷል፣ ደርሳለች" ይበቃል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ባሌ ሄዳችሁ የነበራችሁ፣ በመኪናም ይሁን በእግር በፈረስም፣ ፎቷችሁን ከዚህ ጽሑፍ ስር ለጥፉልኝ። ያ ፎቶውን ያጠፋው ወዳጄም ያንብበው፣ መልሶ ይለጥፈው። ለኪራዩ የምታዋጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሮቤና ጎባ ያላችሁ ደግሞ የምታውቁት ቀስ ብሎ የሚነዳ ሹፌር ካለ ጠቁሙኝ። ቀስ ብሎ የሚነዳ ነው ያልኩት!

ስብሰባው ማክሰኞ ነው። የማትስማሙም ካላችሁ እስከዚያ ኮመንት ላይ እንከራከር፣ በጨዋ ቋንቋ። ያቺ ልጅም እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ ወፍራም ጃኬት ፈልጊ።